ከሦስት ሜትር እስከ አሥራ አንድ ሺህ

«ከአልጋ ወድቆ የሞተ ሰው ታውቃለህ?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ዓይኗን ከስፌት መኪናዋ ሳታነሳ።

«አላውቅም» አለ ባሏ።

«ከአሥራ አንድ ሺህ ሜትር ወድቆ የተረፈስ?»

«እሱንም አላውቅም።»

«እንግዲያው ጨረስን።»

«የት ጨረስን? አራት ቀን ሙሉ ጨረስን እያልሽ አራት ቀን ሙሉ ስንጨቃጨቅ ነው የከረምነው።»

በሩ አጠገብ ባለው የደንበኞች ወንበር ላይ የተቀመጠው ወንድሟ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አኑሮ ሁለቱን በየተራ ያያል። «እኔ ከአልጋ ወድቆ ክንዱን የሰበረ ሰው አውቃለሁ» አለ። «ግን ተደራራቢ አልጋ ነበር፤ የወደቀውም ከላይኛው ነው።»

«ሰማህ?» አለች እህቱ ለባሏ። «ከላይኛው ነው የወደቀው።»

የተጣሉበት ነገር መስኮቱ አጠገብ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ጥቁር ሰማያዊ ሱሪ ነው፤ ከጥቅሉ ከወጣ አራት ቀኑ። ወገቡ ልክ ነው፣ ዳሌው ልክ ነው፣ እግሩ ግን አራት ጣት ይረዝማል፤ የቆረጡት ሰዎች አብራሪ ሁሉ ቁመተ ረጅም ወንድ ይመስላቸዋል። ልብስ ሰፊዋ ስሙን ለማታውቀው ደንበኛ እንዲህ ያለውን ሥራ ቆሞ እየጠበቃት በሩብ ሰዓት ታደርሳለች። የልጇን ሱሪ ግን አልነካችውም። ሌላ ሰፊ ዘንድ መውሰድ ይቻል ነበር፤ ይህ ግን በቤቱ ውስጥ የማንም ሐሳብ ላይ አልመጣም። ልጅቱም የተናገረችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ «እማዬ ካላጠፈችው አልሄድም» ብላ። እንዲህ ስትል ደግሞ ትፎክራለች ብሎ የጠረጠራት የለም። ያለችውን የምታደርግ ልጅ ናት።

አራት ዓመት በጥጥ እርሻዎች ላይ የተባይ መድኃኒት በሚረጭ አውሮፕላን ሠርታለች። ባለፈው ወር ለጄት ሁለተኛ አብራሪነት የተፈተነችውን ፈተና ማለፏን የሚገልጽ ደብዳቤ መጣላት። ሥልጠናው ነገ ጠዋት በሌላ ከተማ ይጀመራል፤ ነገ ያልተገኘ ሰው ቦታው ለተከታዩ ይሰጣል። ከተማውን ከዚህ ጋር የሚያገናኘው አውቶቡስ ሦስት ሰዓት ላይ ይነሳል፤ የሚነዳውም በሩ አጠገብ የተቀመጠው አጎቷ ነው። በመሥሪያ ቤቱ «ፍሬን» ይሉታል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሲነዳ ዶሮ እንኳ ገጭቶ አያውቅም። አሁን ለሁለት ሰዓት አሥር ጉዳይ ነው።

ባልየው ደግሞ ጡረታ ከመውጣቱ በፊት ሠላሳ አንድ ዓመት የአውሮፕላን ጌጅ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ በተለይ የከፍታ መለኪያ። መለኪያውን ክዳኑ መስታወት በሆነ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጥና አየሩን በፓምፕ እየመጠጠ ያወጣል። አየሩ ሲሳሳ መርፌው ወደ ላይ የወጣ ይመስለዋል፤ ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ አሥር ሺህ፣ አሥራ ሁለት ሺህ ሜትር ይደርሳል። በዚህ ዓይነት ስንት ሺህ መለኪያ ሰማይ አድርሶ መልሷል፤ እሱ ራሱ አውሮፕላን ላይ የወጣው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። መርፌ ሁሉ ከዜሮ መነሳት አለበት ማለት ስለሚያበዛ ባልደረቦቹ «ዜሮ» አሉት፤ ስሙም ተከትሎት ቤት ገባ። ከሥራው የቀረለት አንድ ልማድ ነው። የተጣበቀ መርፌ እንዳያታልለው ከማንበቡ በፊት መስታወቱን በጥፍሩ ሁለቴ ያንኳኳል። የግድግዳውን ሰዓት ያንኳኳል፣ ሚዛን ያንኳኳል፣ ሚስቱ ሙቀት ስትለካው እንኳ ቴርሞሜትሯን ተቀብሎ አንኳኩቶ ነው የሚያነብ።

«እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ሦስት ሜትር ላይ ስትበር የነበረችን ልጅ አሥራ አንድ ሺህ ላይ ምን አወጣት? ምን ጎደለባት?»

ሦስት ሜትር የሚለውን ነገር ቤት ያስገባው ዜሮ ራሱ ነበር።

ከአራት ዓመት በፊት ልጅቱ የርጭት ሥራ የጀመረች ሰሞን እናቷ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። በአራተኛው ቀን ዜሮ ምሳ ላይ እንደ ቀልድ፣ «የምትበረው እኮ ሦስት ሜትር ላይ ነው። ከጣራችን አትበልጥም። የእኔ መለኪያ እንኳ ሦስት ሜትርን ከቁም ነገር አይቆጥረውም» አላት። እሷም ማንኪያዋን አስቀምጣ ወደ ጣራው ቀና ብላ አየች። የዚያን ቀን እንደ ሕፃን ተኛች። ከዚያ ወዲህ ነገሩ የቤቱ እውነት ሆነ። ለደንበኞቿ «ልጄ አብራሪ ናት፤ ግን ዝቅ ብላ ነው የምትበረው» ትላለች፣ ልጇ ዘሎ በማያመልጥበት ግቢ እንደሚጫወትላት እናት ሁሉ በኩራት። ስሟንም ፌንጣ አለቻት፤ ፌንጣ ከሰብል ብዙ አይርቅማ።

ፌንጣ ከመኝታ ክፍሉ ወጣች። ሻንጣዋ ተዘግቷል፤ የለበሰችው ግን የቤት ቀሚስ ነው። አጎቷ ሰዓቱን አይቶ ወደ እሷ ሲያይ ትከሻዋን ሰበቀች።

«ሜትርሽን ስጪኝ» አለ ዜሮ ለሚስቱ።

«ምን ልትለካ?»

«ሰማዩን።»

ከአንገቷ ላይ ያለውን የልብስ ሜትር አወለቀና ጫፉን ወለሉ ላይ አስነክቶ በቁም ሳጥኑ እንጨት ላይ በስፒል ሰካው። ሜትሩ መቶ ሃምሳ ሳንቲ ሜትር ነው፤ ደረቱ ድረስ ደረሰ።

«አንድ ሳንቲ ሜትር መቶ ሜትር ነው እንበል። ይሄ ወለሉ መሬት ነው።»

«የእኔ አውቶቡስ ታዲያ ወለሉ ላይ ነዋ» አለ ፍሬን።

«ወለሉ ላይ ነው።»

«ወለልም ወለል አለው። ዳገቱ ጫፍ ስደርስ ስንት ሄሊኮፕተር ከእኔ በታች ይቀራል።»

«ይቀራል» አለ ዜሮ፤ እውነት ነበርና አልተከራከረም። «ሄሊኮፕተር ብዙውን ጊዜ ከዚህ እስከዚህ ነው፣ ከሦስት እስከ አሥር። ሲጨንቀው ሠላሳ፣ አርባም ይደርሳል። ክንፍ የለውም፤ በሚሽከረከረው ነገር አየሩን ወደ ታች እየገፋ ነው የሚቆመው። ወደ ላይ በሄድን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ የሚገፋው ያጣል ማለት ነው። ባለ አንድ ሞተሯ ትንሿ አውሮፕላን ደግሞ እዚህ ናት፣ ሃያ፣ ሠላሳ። ከዚያ በላይ ሞተሯም የሚነዳትም ሰው ትንፋሽ ያጥራቸዋል።»

ልብስ ሰፊዋ እንደማትሰማ ሆና የሕፃናት ጉርድ ቀሚሶች ከክምሩ ላይ ሳበች። ለአንድ መዋዕለ ሕፃናት የምትሰፋቸው ናቸው፤ ወገባቸው ላስቲክ ይቀረዋል።

«ባለ ፕሮፔለሩ የመንገደኛ አውሮፕላን ስልሳ፣ ሰባ ይሄዳል። ሆዱ ውስጥ አየር ስለሚሞላለት ሰዉ አይታፈንም። ግን ፕሮፔለር ጥርስ ነው፤ የሚነክሰው ነገር ካጣ ባዶ ያፋጫል። ጄቱ እዚህ ነው፤ ከመቶ እስከ መቶ ሃያ። እሱ ስስ አየር ይስማማዋል። ወደ ኋላ የሚይዘው ነገር ስለሌለ በትንሽ ነዳጅ ሩቅ ይሄዳል፤ ደመናውም ዝናቡም ብዙው ከሆዱ በታች ይቀርለታል። ትንንሾቹ የሀብታም ጄቶች መቶ ሠላሳም፣ እስከዚህ ጫፍም የሚደርሱ አሉ።»

«ፌንጣስ የት አለች?» አለች ልብስ ሰፊዋ። አለመስማቷን ረስታው ነበር።

ዜሮ ጎንበስ ብሎ ከወለሉ ላይ ቁራጭ ክር አነሳ። ሜትሩ ሥር አጋደመው። «እዚህ። የዚህን ክር ውፍረት ታክላለች።»

«ይኸው። ከክር ላይ ነው የምትወድቀው፤ እኔ የምለውን እሱው ነገረኝ።»

«ቆይ። አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። መርፌ ቢሰበርብሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እቀይራለሁ።»

«ለመቀየር ምን ያስፈልጋል?»

«ሌላ መርፌ።»

«ሌላስ?»

«ጊዜ» አለች ቆይታ፣ ወዴት እንደሚወስዳት እየጠረጠረች።

«ጊዜ። ከፍታ ማለት ለአብራሪ ጊዜ ነው። ጄቱ ከመቶ አሥር ላይ ሁለቱም ሞተር ቢጠፋበት እንደ ድንጋይ ዝቅ አይልም። ክንፉ አለ፤ እየተንሸራተተ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ሃያ ደቂቃ ያህል አለው። ሞተሩን ደግሞ ለማስነሳት ይሞክራል፣ ሜዳ ይፈልጋል፣ ሰው ይጠራል። ሃያ ደቂቃ ውስጥ አንቺ ጉርድ ሰፍተሽ ትጨርሻለሽ።»

«ክሩ ላይስ ስንት ደቂቃ አለ?»

ፌንጣ ከመኝታ ቤቱ በር ላይ፣ «አባዬ፣ ተው» አለች በቀስታ።

ልብስ ሰፊዋ ልጇን አየች፣ ባሏን አየች። ከዚያ ሥራዋን ቀጠለች። ከመሳቢያዋ አንድ ስንዝር የማትሞላ ሽቦ አወጣች፤ ጫፏ እንደ ቀለበት ታጥፏል። ላስቲኩን ቀለበቱ ውስጥ አስራ በጉርዱ ወገብ ውስጥ ታስሄዳት ጀመር። ሽቦዋ በጨርቁ ውስጥ እንደ ትል እየተሳበች ትሄዳለች።

ዜሮ ያቺን ሽቦ ሁለት ዓመት አይቷታል። በዓይኑ ፊት ስንት የሕፃን ቀሚስ ውስጥ ገብታ ወጥታለች። ሁልጊዜ ሲያያት ዓይኑን ወደ ሌላ ይመልሳል። ዛሬ አልመለሰም።

«ያቺን ሽቦ አስቀምጫት» አለ።

«ምን አደረገችህ?»

«የስልክ ሽቦ ናት።»

«ትሁና። ከአንተ የብሎን ቆርቆሮ ውስጥ ነው ያገኘኋት፤ እኔ ነኝ ጫፏን ያጠፍኳት። ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ናት።»

«ቆርቆሮው ውስጥ የከተትኳት እኔ ነኝ። ለእኔ ያመጣችልኝ ደግሞ ልጅሽ ናት፤ የዛሬ ሁለት ዓመት። ከአውሮፕላኗ አፍንጫ ላይ ነው የፈታቻት።»

ፍሬን ቆቡን ከጉልበቱ ላይ አንስቶ በሁለት እጁ ያዘ።

«በእርሻው ጫፍ የስልክ ሽቦ ያልፋል። ፀሐይ ፊት ለፊት ሲሆን አይታይም። ሦስት ሜትር ላይ በሰዓት ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር እየሄደች ነው። አይታ እጇን እስክታነሳ ድረስ አልፋዋለች። ክሩ ላይ ስንት ደቂቃ አለ አልሽኝ፤ ደቂቃ የለም። አንድ ሰከንድ ነው፣ ካለም። የርጭት አውሮፕላን መስታወቱ ፊት ለፊት ስለት ይገጠምለታል፤ ሽቦ የሚቆርጥ። አንድ ቀን ሽቦ እንደሚያገኘው ስለሚታወቅ ነው የሚገጠምለት። ስለቱ ቆረጠላት። እሷ አውሮፕላኑን በሰላም አሳርፋ ከእነ ቁራጩ መጣች።»

«እማዬ፣ ጭረት እንኳ አልነካኝም» አለች ፌንጣ።

«አንቺን አልጠየቅኩም» አለች እናቷ። ሽቦዋን ከላስቲኩ ፈታች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት፤ ከዚያ ደግሞ አንስታ ወለሉ ላይ ወዳለው ክር ሄደች፤ ጎንበስ ብላ ከክሩ ጎን አጋደመቻት። «ሽቦዋ ከክሩ ትወፍራለች» አለች።

«ትወፍራለች።»

«ሁለት ዓመት በእሷ ላስቲክ ሳስገባ ቁጭ ብለህ አይተኸኛል።»

«አዎ።»

«ሳወዛውዛት። ለጎረቤት ሳውሳት።»

«ባዋስሻት ጊዜ ትጠፋለች ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። መለሱልሽ።»

ፍሬን በአፍንጫው ሳቁን ገታ። እህቱ ዞር ብላ አየችው።

«ጥርስህ» አለች፣ ገና እንደታያት። «በየዓመቱ የሚያምህ ጥርስ። ሌሊት ሌሊት እየተነሳህ የምትንጎራደድበት። ቅርንፉድ እየደቆስኩ የማስይዝህ። ጥርስህ የሚያምህ በርጭት ወራት ብቻ ነበር።»

ዜሮ ጉንጩን በመዳፉ ያዘ።

«አራት ዓመት እኔን አስተኝተህ ብቻህን ስትፈራ ከረምክ ማለት ነው።»

«አንዳችን እንኳ እንተኛ ብዬ ነው» አለ። «ሁለት ሰው ቢነቃ አውሮፕላኑ አይከብድም፣ አይቀልም።»

«ጅል» አለች። እንዲህ ያለችው ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር። ካገባችው ጀምሮ እሱን ጅል የምትልበት ሁለት ዓይነት አባባል አላት፤ ይህኛው ያልተቆጣችበት ነው። «ቢያንስ ቅርንፉዱን በተራ በያዝን።»

ከመንገዱ የጋሪ ድምፅ መጥቶ አለፈ። ልብስ ሰፊዋ ወደ መስኮቱ ሄዳ ሱሪውን ከምስማሩ አወረደች፤ አራገፈችው፤ አቧራ ባይኖረውም ሁለቴ በመዳፏ መታችው።

«ጫማሽን አድርጊ» አለች ለልጇ።

«የትኛውን?»

«የምትበሪበትን ነዋ። የሱሪ እግር ያለ ጫማ ይለካል እንዴ? የማን ልጅ ነሽ?»

ፌንጣ ሱሪውንም ጫማውንም አድርጋ ተመለሰች፤ እናቷ ዱካ ላይ አቆመቻትና ሥሯ ተንበረከከች። ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛለች። በጠመኔ ምልክት አደረገች፣ አጠፈች፣ አንዱን እግር ከሌላው ጋር አስተያየች።

«ቀጥ በዪ» አለች በተገጠመ ከንፈር። «ወደ ታች አትይኝ፤ ወደ ታች ካየሽ ያጥራል።»

«እሺ እማዬ።»

«ሃያ ደቂቃ ነው ያለው አባትሽ?»

«ያህል ነው። ደግሞ ሁለታችን ነን፤ ዋናው አብራሪ አጠገቤ ነው።»

«ሰውየው አግብቷል?»

«እማዬ።»

«ለወሬ አይደለም። ባለትዳር ይጠነቀቃል።»

«ሴት ናት» አለች ፌንጣ። «ሦስት ልጆች አሏት።»

«ጥሩ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ የመጨረሻዋን ስፒል እየሰካች። «የሦስት ልጆች እናት የትም ዘላ አትገባም። አውልቂው።»

መኪናው ላይ ከተቀመጠች አሥራ አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። ጠርዙን ሁለቴ ሰፋችው፤ እንዲህ የምታደርገው ለራሷ ሰው ብቻ ነው። ዜሮ ካውያውን አግሎ አቀበላት፤ መጋሉን ለማወቅ ጎኑን በጥፍሩ ሲያንኳኳ ጣቱ ተቃጠለና አፉ ውስጥ ከተተው። ፍሬን አይቶታል። ሻንጣውን አንስቶ በሩ አጠገብ ቆመ።

ፌንጣ ለብሳ ወጣች። ሱሪው ጫማዋ ላይ በልኩ አርፏል። እናቷ ዙሪያዋን አንድ ጊዜ ዞራ አየቻት፤ ከጎኗ የቀረ ክር በጥርሷ በጠሰች። አቀፈቻት፤ አጭር ነበር፣ አለባበስ እንደማስተካከል ያለ። አባቷን ልጅቱ ራሷ ሄዳ ሳመችው።

«መንገዱ ላይ ጭቃ አለ» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ «እግሩን ሰብሰብ አድርጊው።» ከዚያ ፊቷን ወደ ቁም ሳጥኑ መለሰች። ሜትሩ እንደተሰካ ነው። መነጽሯን አደረገችና የላይኛውን ጫፍ ያዘች። «ከዚህ በላይስ ለምን አይሄዱም?»

ዜሮ ሚስቱን አያት። ከዚያ መጥቶ አጠገቧ ቆመ፤ እሱም ጀርባውን ለበሩ ሰጠ።

«አየሩ ከመጠን በላይ ይሳሳል» አለ። «ክንፉ የሚደገፍበት ያጣል። ዝግ ካለ ይወርዳል፣ በጣም ከፈጠነ ይንቀጠቀጣል፤ መሐሉ ላይ ያለችው ልክ እየጠበበች ትሄዳለች። ሌላም አለ። ሆዱ ውስጥ አየር ተሞልቷል ብዬሽ የለ? ውጭው በሳሳ ቁጥር የውስጡ ወደ ውጭ ይገፋል። ቆርቆሮው ይወጠራል።»

«እንደ ጠበበ ቀሚስ።»

«እንደ ጠበበ ቀሚስ።»

ከኋላቸው ሻንጣው ትከሻ ላይ ሲወጣ ተሰማ። የፌንጣ ጫማ ድምፅ ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ።

«እንግዲያው የሚወስነው ስፌቱ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ድምፅዋን ትንሽ ከፍ አድርጋ።

«ስፌቱም ነው።»

«ስፌቱ ነጠላ ነው ድርብ?»

«በብረት ምስማር ነው የሚያያዘው። እየተደራረበ፣ ሁለትም ሦስትም ረድፍ።»

«ሦስት ረድፍ ጥሩ ነው» አለች። «በየስንት ጣቱ?»

«በየሁለት ጣቱ ያህል።»

«ጥሩ ነው።» መነጽሯን አወለቀች፣ በቀሚሷ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። «መቶ አሥር ያልከኝ የቱ ጋ ነው?»

የቤቱ በር ካረጀ ቆይቷል፤ ካልደገፉት ወለሉን እየፋቀ ይጮኻል። ዜሮ ሜትሩን በጥፍሩ ሁለቴ አንኳኳና ቦታውን አሳያት፤ ከኋላቸው በሩ በእጅ ከፍ ተደርጎ፣ ድምፅ ሳያሰማ ተዘጋ።